ዘር ለመሬት የሚድሩት እትዬ ዘሃራ

እትዬ ዘሃራ መሞታቸውን የነገረኝ የሸዋ ሮቢት ባጃጅ ሾፌር ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነስቼ፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፌ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ መጀመሪያ ጃኬቴን ቀጥሎ ሹራቤን አውልቄ፣ መናኸሪያው ስደርስ በሸሚዝ ቀርቼ ነበር። የመጣሁት ለስብሰባ ነው። ስብሰባው ከሰዓት ስለሚጀምር ጠዋቱን እሳቸው ጋ ለማሳለፍ አስቤ፣ በጀውሃ መንገድ ወደ ድሮ ቀበሌዬ የሚወስደኝ ባጃጅ ያዝኩ።

"ማን ቤት ነው የምትወርደው?" አለኝ ሾፌሩ።

"እትዬ ዘሃራ ቤት። የማሽላዋ ዘሃራ የሚሏቸው።"

ባጃጁን ቀስ አደረገው። "አልሰማህም እንዴ? ኢናሊላሂ። ወር አለፋቸው እኮ። ሐኪም ቤት አመላልሼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።"

የግንቦት አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ በግራም በቀኝም የማሽላ ቡቃያ መታየት ነበረበት፤ መሬቱ ግን ባዶውን ተሰነጣጥቆ ይታያል። ዝናቡ ዘግይቷል። ያን ባዶ መሬት እያየሁ፣ ይህን እሳቸው ሳያዩት ሞቱ ወይስ አይተውት ብዬ አስብ ነበር።

ያወቅኳቸው የሰብል ባለሙያ ሆኜ እዚያ ቀበሌ የተመደብኩ ጊዜ ነው። የደጋ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ከገብስና ከስንዴ ጋር ነው፤ ማሽላን የማውቀው በደብተር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በመቶ ቀን ገደማ የሚደርስ አዲስ የማሽላ ዘር በላስቲክ ይዤ እትዬ ዘሃራ ግቢ ገባሁ። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ያኔ ወደ ስድሳው የሚጠጉ ይመስለኛል። ወገባቸው ላይ በመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠሩ ትናንሽ ጨርቆች ነበሩ። ኋላ ሳውቅ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ የተለየ ዘር አለ። አንዱን በአንድ አስረውታል፣ ሌላውን በሁለት፤ ሳያዩ በጣታቸው ዳብሰው የቱ የት እንዳለ ያውቁታል።

"ይህ በጣም ጥሩ ዘር ነው" አልኳቸው።

"ለማን?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። "ለ... ለገበሬው" አልኩ።

ከላስቲኩ አንድ ፍሬ አንስተው በጎን ጥርሳቸው ነከሱና የሚሰጠውን ድምፅ አዳመጡ። "ቁመቱ?"

"ከወገብ ትንሽ ከፍ ይላል።"

"አገዳውን ከብት ይበላዋል?"

"ይበላዋል። ግን ብዙ አይደለም።"

"ውኃ ቢተኛበትስ? ወንዙ ዳር ላለው መሬቴ ነው የምጠይቅህ።"

የላስቲኩን አፍ ማሰር ጀመርኩ። "አታውቅም" አሉ።

"አላውቅም።"

"እንግዲህ ስታውቅ ና።"

ፊቴ እየጋለ ወደ በሩ ስሄድ ከኋላዬ ጠሩኝ። "ስማ ግብርናው። ከዚያ ዘር ለላይኛው መሬቴ የሚበቃ ተውልኝ።"

"አሁን አልፈልግም አላሉኝም?"

"ለታችኛው ነው ያልፈለግኩት። ላይኛው አሸዋ ነው፤ ዛሬ የጠጣውን ውኃ ለነገ አያሳድርም፤ ለእሱ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይሻለዋል። ታችኛው ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር። ውኃውን ይዞ ይከርማል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ይጥለቀለቃል። ለእሱ ረጅም፣ እግሩ የጠነከረ ነው የምፈልግለት። ዘርን ለመሬት ትድራለህ እንጂ መሬትን ለዘር አትድርም።"

ሰው ስለ እትዬ ዘሃራ ሲያወራ፣ ከድሮ ዘር አልላቀቅ ያሉ አሮጊት አድርጎ ያወራል። ስህተት ነው። በቀበሌው አዲሱን ዘር መጀመሪያ ጠይቀው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። መሬታቸውን በእኩል የሚያርስላቸው ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሴ ነው፤ አምስት ልጆች ያሉት፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ማሳው ዳር ቆመው ይከራከራሉ። እትዬ ዘሃራ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ከዳር እስከ ዳር ይራመዱና የሚዘራውን ይናገራሉ። ጋሽ ደምሴ ሌላ ይላል። እሳቸው እንደገና ይራመዳሉ። አንዳንዴ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፤ የለወጡ ጊዜ ግን ለምን እንደለወጡ ለጋሽ ደምሴ ይነግሩታል።

የማልረሳው በሁለተኛው ዓመቴ የሆነው ነው።

የዚያን ዓመት የሚያዝያ ዝናብ በጊዜው መጣ። እትዬ ዘሃራ በታችኛው ዋልካ ላይ ወተት በጉንጬ የሚባለውን ረጅም ማሽላ ዘሩ። ይህ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ እስከ ኅዳር የሚቆም፣ እሸቱ እንደ ወተት የሚጣፍጥ ነው። ዘሩ በቅሎ ጣት ሲያህል ከላይ አንድ ዕቅድ ወረደ። በወንዙ ዳር ያለው መሬት በሙሉ በኩታ ገጠም፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘር ይሸፈን ተባለ። ዘሩ ያ እኔ በላስቲክ ይዤው የዞርኩት አጭሩ ነው፤ የሚዘራው በሐምሌ መግቢያ ነው። ሌሎቹ ገበሬዎች መሬታቸውን ባዶ ትተው ጠበቁ። በመሃሉ የእትዬ ዘሃራ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ የሚወድ፣ ከቦታ ቦታ በሞተር ሲሮጥ የሚውል ወጣት ነው። ማሳውን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች ነበሩበት፤ የፈራው መሃሉ የተቀደደ ማሳ እንዳይታይበት ነው። የቀበሌው መሰብሰቢያ በሆነው ሾላ ሥር ገበሬውን ሰበሰበና፣ የበቀለው ተገልብጦ መሬቱ ለአዲሱ ዘር ይዘጋጅ አለ። ስም አልጠራም፤ የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መካከል ተነሱ። "ላይኛውን መሬቴን ውሰዱና አዲሱን ዝሩበት፤ ደስ ይለኛል። ታችኛው ግን ነሐሴ ላይ ውኃ ይተኛበታል። አጭር ዘር እዚያ ይሰምጣል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሁላችሁም ይሰምጣል።"

"እትዬ ዘሃራ፣ ይህ በጥናት የመጣ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"ያጠናው ሰው ነሐሴ ላይ እዚህ ነበር?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ታምራት፣ አንተ የተማርክ ነህ። አምና እዚህ ነበርክ። ውኃ ይተኛል አይተኛም? ንገራቸው።"

ይተኛል። አምና በነሐሴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዛፎቹ ግንድ ላይ ጎርፉ የተወው ጭቃ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ። ሊቀመንበሩም አየኝ። እኔም ተነስቼ፣ "ዕቅዱ በባለሙያ ታይቶ ነው የመጣው" አልኩ።

እትዬ ዘሃራ አልተቆጡም። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው "እሺ" አሉና ተቀመጡ። ያን "እሺ" አሁንም እሰማዋለሁ።

ማሳቸው ቅዳሜ እንዲገለበጥ ተወሰነ። የሚያርሰው ጋሽ ደምሴ ነው፤ እምቢ ካለ ለላይኛው መሬት ማዳበሪያም ዘርም እንደማያገኝ ተነግሮታል። እኔ ደግሞ ቆሜ አይቼ ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ጋሽ ደምሴ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል። ቡቃያው ጉልበት ደርሶ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር አስፋልቱ ዳር፣ ሞተሩን አቁሞ ይመለከታል። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። ጋሽ ደምሴ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"ዘሃራ፣ ልጆች አሉኝ" አለ ወደ መሬት እያየ።

"አውቃለሁ። ጀምር።"

አልተንቀሳቀሰም።

"ደምሴ፣ ጀምር አልኩህ። ሁልጊዜ እንደምታርሰው እረስ።"

ያኔ ቀና አለ። ትክ ብሎ አያቸውና እርፉን ጨበጠ። ማረሻው ቡቃያው መሃል ገባ። አፈሩ በግራና በቀኝ እየተገለበጠ አረንጓዴውን ሸፈነው። አንድ ትልም ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከርቀት የሚታየው የተገለበጠ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። እትዬ ዘሃራ ከበሬዎቹ ኋላ ጎንበስ ብለው ይከተላሉ፤ ለከብት የሚሆን ቡቃያ የሚለቅሙ መሰለኝ። ሊቀመንበሩ ትንሽ ቆየና "ታምራት፣ ሲጨርሱ ጽፈህ አምጣ" ብሎኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሞተሩ እስኪርቅ ጠብቄ ወደ እሳቸው ሄድኩ። "እትዬ ዘሃራ፣ እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እግርህን አንሳ" አሉኝ። "ቡቃያ ረግጠሃል።"

ወደ እግሬ አየሁ። በሁለቱ ትልም መካከል ቡቃያው በመስመር ቆሟል። አፈር የተጫነውን እሳቸው በሁለት ጣታቸው እየገለጡ፣ አንገቱን እያቀኑ፣ ሥሩን በእጃቸው እየጠቀጠቁ ይሄዳሉ። የተነቀለ አለ፤ የተነቀለው ግን ቀድሞውንም የተጠጋጋውና ቀጭኑ ነው። ቀስ እያለ ገባኝ። ኮሌጅ ሽልሻሎ የሚባል ነገር ተምረን ነበር፤ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ገበሬው ሆን ብሎ መሃሉን ያርሰዋል። አረሙ ይገለበጣል፣ የተጠጋጋው ይሳሳል፣ ውኃ የሚይዝ ትልም ይከፈታል። ቃሉን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በሜዳ ላይ ሳየው ግን ጥፋት መስሎኝ ነበር።

"ሁልጊዜም በዚህ ሰሞን ነው የምናደርገው" አለ ጋሽ ደምሴ። አልሳቀም። ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

እትዬ ዘሃራ ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። "እንግዲህ ጻፍ" አሉኝ።

ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱም ቆመው ያዩኛል። በመጨረሻ "ማሳው በታዘዘው ቀን ታርሷል" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

አሰቡበት። "ውሸት አለበት?"

"የለበትም።"

"እንግዲያ ፈርምበት።"

የሰኔ ዝናብ እንደጣለ ማሽላው ከበፊቱ ወፍሮ ተነሳ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ኩታ ገጠሙን ለማዘራት የመጣው ሊቀመንበር መሃሉ ላይ ደረት የደረሰ ማሽላ ቆሞ አገኘ። እዚያው አስጠራኝ። ስደርስ እትዬ ዘሃራና ጋሽ ደምሴ ፊቱ ቆመዋል፤ ሰውም ተሰብስቧል።

"ታርሷል ብለህ ፈርመሃል" አለኝ።

"ታርሷል።"

"በእኔ ነው የምትቀልደው?" ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ነው ያስፈራኝ። "ደብዳቤ ይጻፍብሃል። አንተም ደምሴ፣ ስምህ ከማዳበሪያው ዝርዝር ይወጣል።"

እትዬ ዘሃራ በመሃላችን ገቡ። "እረስ ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ ምን አደረጉ? መሬቱም የእኔ፣ ዘሩም የእኔ። ስማኝ፣ ልጄ። ላይኛውን መሬቴን በለውጥ ውሰድ፤ ዛሬውኑ በአዲሱ ዘር ሸፍነው። ዕቅድህ ላይ የሚጎድል መሬት የለም። ታችኛው ካልያዘ ዘንድሮም ከርሞም ከቀበሌው ምንም አልጠይቅም። ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ነው።"

"ዘርም እርዳታም?"

"ዘርም እርዳታም።"

ሰው አጉረመረመ። የጋሽ ደምሴ ፊት ገረጣ፤ ከታችኛው መሬት የሚገኘው እኩል የእሱ ድርሻ ነውና። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና እሺ አለ። የእኔን ደብዳቤ እስከ መኸር አቆየው።

ያ ክረምት እንደዚያ ሆኖ ነው ያለፈው። ሦስታችንም በየፊናችን የወንዙን መሬት እናይ ነበር። እትዬ ዘሃራ በየጠዋቱ ይወርዳሉ። ጋሽ ደምሴ ለእሳቸው መናገር አቆመ፤ ሰላምታ ብቻ። አንድ ቀን እሳቸው ላይ ተናዶ፣ "በእኔ ልጆች ነው የማልሽው" ሲላቸው ሰምቻለሁ። እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን አዙረው ወደ ማሳው ወረዱ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የደጋው አፋፍ በጣርማ በር በኩል ጠቆረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንዙ መጮህ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ከፍታው ሮጠ። ውኃው ከወንዙ ወጥቶ፣ ግንድና ድንጋይ እየገፋ፣ በአጫጭሩ ማሽላ ላይ ተዘረጋ። ገና ጉልበት ያልደረሰ ነበር፤ ስናይ አለ፣ ዞር ብለን ስንመለስ የለም። በመሃሉ የእትዬ ዘሃራ ማሽላ ራሱን ከውኃው በላይ ይዞ ይወዛወዛል። ጫፉ ላይ ያለው ተገፍቶ ተኛ። ሌላውም ይተኛል ብለን ቆመን ጠበቅን።

"ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ስምንቱን ወር ሙሉ እንዲህ ልብዎ ተሰቅሎ እንዴት ይኖራሉ?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሱ መለሱልኝ። "እንደተዳርኩ ሰሞን፣ ባለቤቴ የሰው ወሬ ሰምቶ ያኔ የነበረንን ሦስት መሬት በአንድ ዘር ሸፈነው። ያ ዘር ጥሩ ነበር፤ ለጎረቤት አብቦለታል። ለእኛ ሲያብብ ዝናቡ ሄደ። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ደረቀ። የመጀመሪያ ልጄን በዚያ ዓመት ነው የቀበርኩት። ገና ትድህ ነበር።" ሻሻቸውን አስተካክለው፣ "ልብ ተሰቅሎ ይኖራል። ሌላ ምን ይደረጋል" አሉ።

ውኃው ሦስት ቀን ተኛ። ሲሸሽ አጫጭሩ ማሽላ በደለል ሥር ነበር፤ የተረፈውም በሳምንቱ ቢጫ ሆነ። እኔ ወጣት ነበርኩና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። "አንቱ እንዳሉት ሆነ" አልኳቸው።

ያን ቀን ነው የተቆጡኝ። "እንዲህ ብለህ ሁለተኛ እንዳትናገር። የሰው እህል ነው የሰመጠው። እኔ ስላልኩ አይደለም የሰመጠው። ይልቅ ማሾ ቶሎ የሚደርስ ጥራጥሬ ነው፣ ደለሉ ሳይደርቅ ይዝሩበት። ሂድና ዘር ፈልግላቸው።" ሄድኩ። ለሁሉም አልበቃም፤ የዘሩት ግን ትንሽ ለቀሙ።

ላይኛው መሬት ላይ ያለው አጭሩ ማሽላ ደግሞ ጥሩ ሆኖ ያዘ። እትዬ ዘሃራ እዚያ የፈሩት ግሪሳ ወፍን ነው። ቀድሞ የደረሰውን ግሪሳ ይጨርሰዋል ብለው ማማ አሠርተው፣ ወንጭፍ ይዘው ጠበቁ። ወፉ በጥቅምት እንደ ጭስ ሆኖ መጣ። ነገር ግን በላይኛው ሰፈርም ሁሉም ሰው ያንኑ አጭር ዘር ዘርቶ ማሽላው በአንድ ሰሞን ስለደረሰ፣ ወፉ በአንድ ማሳ ላይ ብቻ አልወረደም፤ ሰውም በሙሉ ማማ ላይ ስለነበር የትም አላሳረፉትም። የጠፋው ጥቂት ነው። እትዬ ዘሃራ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ "በዚህስ ተሳስቻለሁ" አሉኝ። "በአንድ ዘር፣ በአንድ ላይ መድረሱ ወፍን ለመከላከል ጥሩ ነው። ይህንንም ጻፈው።" ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ትክክል መሆኑን እንድጽፍለት ጠይቆኛል፤ ስህተቱን እንድጽፍ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ኅዳር ላይ የታችኛው ማሽላ ታጨደ። ዝናቡ ቀድሞ ነበር ያቆመው፤ ዋልካው ግን የያዘውን ውኃ ሲያጠጣው ሰነበተ። ምርቱ አውድማ ላይ ሲከመር ጋሽ ደምሴ ክምሩ ሥር ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እትዬ ዘሃራ አጠገቡ ተቀመጡ። "በልጆችህ አልማልኩም" አሉት። "በመሬቱ ነው የማልኩት።" እሱም ከጋቢው ሥር ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።

የእኔ ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ። መጋቢት ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ እትዬ ዘሃራ በር ላይ መጣ። የእሱም መሬት ወንዙ ዳር ነበር፤ የእሱም ሰምጧል። እኔ እዚያ ስለነበርኩ አፈረ፤ ልሄድ ስነሳ ግን እትዬ ዘሃራ ተቀመጥ አሉኝ።

"ዘር ፈልጌ ነው፣ እትዬ" አለ። "ያንን ወተት በጉንጬ።"

ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ኮንጎ ጫማቸውን አጠለቁና "መሬትህን አሳየኝ" አሉት። ሦስታችን ሄድን። እዚያ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱት፣ ቆም እያሉ፣ በተረከዛቸው እየጫኑ። ተመልሰው መጡና "የእኔ ዘር ለአንተ አይሆንም" አሉት።

የሰውየው አንገት ደም ለበሰ። "ቂም ይዘውብኝ ነው?"

"ቂም ቢሆን እሰጥህ ነበር" አሉ። "መሬትህ ከሥር ድንጋይ አለው። ውኃ ይመጣበታል እንጂ አይቆይበትም። ወተት በጉንጬ እስከ ኅዳር ይጠማብሃል። ጅጉርጢ ነው የሚሆንህ፤ ቁመቱም መካከለኛ፣ ጊዜውም መካከለኛ። ና፣ ከቤት ልስጥህ።" ከጎተራው ራስ ላይ ለዘር የተሰቀለውን ምርጥ ምርጡን ዛላ አውርደው እስኪበቃው ሰጡት።

በዚያው ሰሞን ነው ሾላው ሥር ስላደረግኩት ልናገር የሞከርኩት። "ያን ቀን ሲጠይቁኝ..." ስል አቋረጡኝ።

"ፈርተህ ነበር" አሉ። "አሁንስ?"

"አሁንም እፈራለሁ።"

"እንግዲህ ፈርተህም ቢሆን ተናገር።" ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፤ በስልክ እየተጠያየቅን ቆየን። ዘንድሮ ግን ከጥር ወዲህ አልደወልኩም ነበር።

ባጃጁ በራቸው ላይ አወረደኝ። ልጃቸው ሐዋ ወጥታ ተቀበለችኝ። አለቀስን። ከዚያ ተቀምጠን የመጨረሻውን ሰሞን ነገረችኝ። መጋቢት ላይ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ጎረቤት ሁሉ እንደ ልማዱ ምን እንዝራ እያለ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ለሁሉም አንድ መልስ ነው የሚሰጡት፤ "ዘንድሮ መሬቱን አላየሁትም። ያላየሁትን አልመርጥም።" ሰዎቹ ለመኑ፤ ልምድዎ ይበቃል አሏቸው። እምቢ አሉ። ሚያዝያ ሳይገባ ሞቱ።

"አሁን እኔን ይጠይቁኛል" አለች ሐዋ። "ዝናቡ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የጣለ። ጋሽ ደምሴ በሬዎቹን ጠምዶ እየጠበቀኝ ነው። ወንዙ ዳር ላለው መሬት ምን ይሻለኛል ትላለህ፣ ታምራት?"

የግንቦትን ቀን በልቤ ቆጠርኩ። "ለረጅሙ ጊዜው አልፏል" አልኳት። "ለጅጉርጢም ዘግይቷል። አጭሩን ይዘሽ ሐምሌን ጠብቂ።"

"መሬቱን ሳታየው?"

ተነሳሁ። ወንዙ ዳር ወረድን። ጋሽ ደምሴ አርጅቷል፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ከበሬዎቹ ጋር ዳር ቆሞ ጠበቀን። እኔ ማሳው ጫፍ ላይ ተንበርክኬ በእንጨት ቆፈርኩ። እስከ ክንዴ ድረስ ደረቅ ነው፤ አፈሩ እንደ ሸክላ ይሰበራል። "ይኸው ደረቅ ነው" አልኩ።

"የቆፈርከው መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው" አለች ሐዋ። "ውኃ የሚተኛው ወዲያ ነው። ባለፈው ሳምንት ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ትንሽ ወጥቶ ነበር። እዚያ ድረስ ደርሷል። ለዚያኛው ክፍል ጅጉርጢ አይዘገይም፣ የያዘው እርጥበት አሁኑኑ ያበቅለዋል፤ የቀረውን አንተ እንዳልከው እናቆየዋለን።"

"በአንድ ሳምንት ፀሐይ ደርቋል፣ ሐዋ። ዘርሽን ታጠፊዋለሽ።"

"አልደረቀም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ና" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ታች ሄደች። ጋሽ ደምሴ ከዳር ሆኖ ያየናል። ተከትያት ወረድኩ፤ ባሳየችኝ ቦታ ጎንበስ ብዬ ላዩን ደረቅ አፈር ገለጥኩና እጄን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

እርጥብ ነበር።